አባቴ የቆጠረን ወይራ ሥር

የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አምላክ ለቤታችን ያደረገውን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ከተሳልሁ ዓመታት አልፈዋል። ያዘገየሁት ረስቼው ሳይሆን ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር እንባ እየቀደመኝ ነው። ሰሞኑን የአባታችንን ሙት ዓመት ስናስብ እናቴ «የአቡዬን ዕዳ ይዘሽ እስከ መቼ ልትኖሪ ነው?» ስላለችኝ ይኸው ጻፍሁ።

አባቴ ዕድሜውን በመንገድ ቅየሳ ሥራ ያሳለፈ፣ በእግሩ ሄዶ የማይጠግብ ሰው ነበር። ቤታችን ቢሾፍቱ ስለሆነ በየዓመቱ መጋቢት 5 ቀን አምስት ልጆቹን አስከትሎ ዝቋላ ይወጣል። እስከ ተራራው ግርጌ በመኪና እንሄድና ከዚያ በኋላ፣ ከባሕር ወለል 2,989 ሜትር ከፍታ ላይ እስካለው ጫፍ ድረስ፣ በእግር ነው። ጻድቁ ለኢትዮጵያ ምሕረት ሲለምኑ መቶ ዓመት ጸለዩበት የሚባለው ሐይቅ ዘንድ እስክንደርስ አባቴ ጥዱን ከወይራው እያስለየን፣ ጉሬዛ ሲያይ በምልክት ዝም እያሰኘን፣ ቅጠል በጥሶ በመዳፉ እያሸ «አሽትታችሁ ስሙን ንገሩኝ» እያለ ይወስደናል። ከመንገዱ እኩሌታ ግማሽ ጎኑ የደረቀ ያረጀ ወይራ አለ። እዚያ ቀድሞን ይደርስና እያንዳንዳችንን ራሳችንን በእጁ እየነካ ይቆጥረናል፤ አምስት ሲሞላ «ሙሉ ነን» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያ ቃል የሚያሳርፈኝ አልነበረም።

በ2005 ዓ.ም. የመርሳት ሕመም ያዘው። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም፣ በመጨረሻም የእኛን ስም አጣው። በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት 2 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ የግቢው በር ተከፍቶ አባቴ የለም። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ መናኸሪያ፣ ያልረገጥነው ቦታ አልነበረም። ከሁሉ የከበደን በሆራና በባቦጋያ ሐይቆች ዳር እየዞርን ውኃውን ማየት ነበር፤ አንዳችንም የምንፈራውን ለሌላው አልተናገርንም። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ማታ ደግሞ ጅቡ ከከተማው ዳር ሲጮኽ እንሰማለን።

ሰኞ ሌሊት እናቴ በጻድቁ ሥዕል ፊት ተደፋች። በሥዕሉ ላይ አንበሶቹና ነብሮቹ ከእግራቸው ሥር ተኝተዋል። «አቡዬ፣ አንተ ከአውሬ ጋር ኖረሃል፤ ባሌን ከአውሬ ጠብቅልኝ። በሕይወት ካገኘሁት ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ስትል ሰማኋት። እኔም ከኋላዋ ተንበርክኬ ይህን ምስክርነት ተሳልሁ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ታናሽ ወንድሜ በሬን አንኳኳ። ጸሎት ላይ እምብዛም የማይተጋ ልጅ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ያ ወይራ ከዓይኔ አልጠፋም፤ እንሂድ» አለኝ። ሌሎቹን ቀስቅሰን አራታችንም ተነሣን።

ከተራራው ግርጌ ፎቶውን ያሳየናቸው አንድ ገበሬ ገና ሲያዩት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ሰኞ ማታ ጤፍ ማሳቸው ዳር ባዶ እግሩን ተቀምጦ አግኝተውት ቤታቸው ወስደው ወተት አጠጥተው፣ ጋቢ አልብሰው ከእሳቱ አጠገብ አሳድረውታል። ጠዋት ሊያስቀሩት ቢለምኑት በኦሮምኛ «ልጆቼ ከኋላ እየመጡ ነው፤ ልቆጥራቸው» ብሎ እምቢ አላቸው። ብቻውን እንዳይሄድ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጃቸውን አብረው ላኩ። የእሑድን ሌሊት ግን የት እንዳደረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።

ወይራው ሥር ተቀምጦ አገኘነው። እግሩ ቆስሏል፤ ልጁ ጋቢውን እያስተካከለለት ነበር። አባቴ ስማችንን አልጠራም፤ ብድግ ብሎ ራሳችንን እየነካ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለና እጁ አየር ላይ ቀረ። «አንዷስ?»

አንዷ ታላቅ እኅታችን ናት። እርሱ ሳይፈቅድ ጅዳ ለሥራ ሄዳ ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። እዚያው ቆመን ደወልንላትና የጠየቀውን ነገርናት። ከስልኩ ልቅሶዋ ብቻ ነበር የሚሰማው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ተጠቃልላ ገባች፤ በ5 ደግፈነው ስንወጣ ወይራው ዘንድ የመጨረሻዋ ሆና ጎንበስ አለችለት። አምስት ብሎ ሲያበቃ፣ ለረጅም ጊዜ ከአፉ ያልወጣው «ሙሉ ነን» ወጣ።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር። ሕመሙ እንዲድን ለምነን ነበር፤ አልዳነም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓመት ተጨምሮለት በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በገዛ አልጋው፣ አምስታችንም ዙሪያውን ከብበነው አረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ውኃ አልበላውም፣ አውሬ አልነካውም።

እናቴ ዣንጥላውን ያስገባችው እርሱ በሕይወት ሳለ ነው። ካረፈ በኋላ በመጣው የመጋቢት አቦ ዕለት ገበሬውንና ልጃቸውን ይዘን ወጣን። ወይራው ዘንድ ስንደርስ ማንም ሳያዝዘን ቆምን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት መጣችና ራሳችንን እየነካች ቆጠረችን። አምስት ካለች በኋላ እጇን አልሰበሰበችም፤ በገበሬው ልጅ ራስ ላይ አሳርፋ «ስድስት» አለች።