ለእማዬ በየማታው አንድ ምዕራፍ

እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የምታነበው በጆሮዋ ነው። የሬዲዮ ትረካ አያመልጣትም። እኔ ደግሞ የስዊድን፣ የኖርዌይና የአይስላንድ የወንጀል ልቦለዶችን በእንግሊዝኛ ትርጉም ሳሳድድ ዓመታት አልፈዋል። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩኝ "ያንቺ ዓይነት መጥቷል" ይሉኛል። አምና ክረምት ላይ ታዲያ አንዱን መርጬ፣ ከእራት በኋላ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ላነብላት ወሰንኩ።

የጀመርኩት በስቲግ ላርሾን ነው፤ ዓለም በብዛት የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። የመጀመሪያው መጽሐፉ ርዕስ በስዊድንኛ "ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች" ነው። እንግሊዝኛው "ዘንዶ የተነቀሰችው ልጅ" ብሎ ቀየረው። ለእማዬ የስዊድንኛውን ነገርኳት። "እንግዲህ ስለ ምን እንደሆነ ገባኝ" አለች። እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያሰብኩበት፤ ደራሲው ጣቱን የቀሰረው ወንዶቹ ላይ ነበር፣ በትርጉም ግን ዓይናችን ልጅቷ ላይ አረፈ። ሆኖም ንባቡ አልሄደልንም። መግቢያው ላይ የኩባንያ ጉዳይ፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ ረጅም የቤተሰብ ሐረግ፣ ስም በስም ላይ። በአራተኛው ማታ እንቅልፍ ወሰዳት። ለዓይን የሚመች መጽሐፍ ሁሉ ለጆሮ እንደማይመች አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ ወደ እነዚህ ልቦለዶች ሥር ተመለስኩ፣ ወደ ስዊድናውያኑ ደራሲዎች ወደ ማይ ሼቫልና ፔር ቫሎ። አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ነበሩ። ልጆቻቸውን አስተኝተው ማታ ማታ፣ አንዱ አንድ ምዕራፍ ሌላው ቀጣዩን እየጻፉ፣ ከ1965 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ አሥር መጽሐፍ አወጡ። እያንዳንዱ መጽሐፍ 30 ምዕራፍ አለው። በየማታው አንድ ምዕራፍ ብናነብ አንድ ወር መሆኑ ነው። ይሄ ስሌት ብቻውን ልቤን ሞላው።

የመጀመሪያው "ሮሴአና" ይባላል። ስዊድን ውስጥ ዮታ የሚባለው ቦይ ላይ፣ ደለል የሚያወጣው ማሽን የአንዲት ሴት አስከሬን ይዞ ይወጣል። ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። የጠፋች ሰው አለች ብሎ ያመለከተም የለም። መርማሪው ማርቲን ቤክ የሚሮጥ፣ ሽጉጥ የሚመዝ ሰው አይደለም። ጉንፋን ይይዘዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትዳሩ ቀዝቅዟል፣ ሲከፋው የመርከብ ሞዴል ይገጣጥማል። ደግሞ ይጠብቃል። ከሟቿ አገር ከአሜሪካ መልስ ይጠብቃል፣ እሷ በነበረችበት መርከብ የተጓዙት ቱሪስቶች ያነሷቸውን ፎቶዎች ይጠብቃል፣ ወራት ያልፋሉ።

ይሰለቻታል ብዬ ነበር የፈራሁት። ግን በነጋታው ቡና እያፈላሁ "ዛሬ ከአሜሪካ መልስ ይመጣላቸው ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ የመጠበቅን ነገር ማንም ሊያስተምራት አይችልም፤ ዕድሜዋን በሙሉ ቢሮ ስትመላለስ፣ "ነገ ተመለሺ" ስትባል ኖራለች። እኔን ራሴን እነዚህ መጽሐፎች ለምን እንደያዙኝ የገባኝ ያኔ ነው። ገዳዩን ማወቅ ትንሹ ነገር ነው። የሚይዘኝ፣ አንድ የደከመው ሰው ማንም ላልፈለጋት ሴት ሲል በየቀኑ ቢሮ መግባቱ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት "አንተ" እና "እርስዎ" ሆነ። በእንግሊዝኛ ሁሉም "ዩ" ነው። አማርኛ ግን እሱን ሳትወስኚ ዓረፍተ ነገር አያስጨርስሽም። ስዊድኖች ሁሉም "ዱ"፣ ማለትም አንተ ወይም አንቺ፣ ነው የሚባባሉት ሲባል ስለሰማሁ፣ ሁሉንም አንተ አደረግኳቸው። እማዬ በሦስተኛው ማታ አስቆመችኝ። "አለቃውን አንተ ይለዋል እንዴ? በዚያ ዘመን?" ሄጄ ሳጣራ ልክ ነበረች። ስዊድን ውስጥ "ዱ" ለሁሉም የሆነው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ብሮር ሬክሴድ የሚባል የጤና ባለሥልጣን በ1967 ሥራ ሲጀምር ሠራተኞቹን ሁሉ "ዱ" እንደሚል ማሳወቁ የለውጡ ምልክት ተደርጎ ይነሳል። መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ አለቃውን እርስዎ አልኩት፣ ምስክሮቹንም እንደዚያው። ምርመራው ክፍል ውስጥ ያለው ብርድ በአንዴ ተሰማን። ከዚያ ወዲህ ምዕራፉን ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ፣ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጽፌ ነው የምመጣው።

በመሃል የአይስላንዱን አርናልዱር ኢንድሪዳሶንን ሞከርን። አይስላንዶች እንደኛው ናቸው፤ አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም የላቸውም፣ ኢንድሪዳሶን ማለት የኢንድሪዲ ልጅ ማለት ነው፣ አገሩ ላይ የሚጠራው አርናልዱር ተብሎ ነው። ውጭ አገር ግን መደርደሪያ ላይ በአባቱ ስም ይቀመጣል። እማዬ ይሄን ስትሰማ፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሥራ ቦታው በአባቴ ስም መጠራቱ ትዝ አላትና ብዙ አወራን። ያን ማታ ምዕራፉን አልጨረስንም።

ቅደም ተከተልም አለ። የኖርዌዩ ደራሲ ዮ ኔስቦ ሃሪ ሁሌ ስለሚባል መርማሪ የጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997 ወጥቶ በእንግሊዝኛ የታተመው በ2012 ነው፤ አምስተኛው ግን በ2005 ቀድሞ ተተርጉሟል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ከአምስተኛው ጀምሬ፣ ቀድሞ የሆነ ሞት አስቀድሜ ሰምቼ፣ ወደ ኋላ ስመለስ ልቤ ቀዝቅዞ ነበር። ስለዚህ በማርቲን ቤክ ላይ አልደግመውም። ሁለተኛውን ጨርሰናል። ሦስተኛው ሻጮቹ ጋ የለም፣ አራተኛው ግን ቤት አለ። እማዬ "እሱን አንብቢልኝ" ትላለች። እኔ ግን ሦስተኛው እስኪገኝ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሻጮቹ ጋ እሄዳለሁ።