የ1950ዎቹን ስልት ወደ ቪክቶሪያ ዘመን ቤት ማስገባት

በቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በእንግሊዝ የተሠሩ ቤቶች ቁመታም ናቸው፤ የሳሎኑ ኮርኒስ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር ይጠጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የ1950ዎቹ የቤት ዕቃ ደግሞ ዝቅ ያለና አግድም ነው፤ የሶፋው መደገፊያ ከ80 ሳ.ሜ. ብዙም አያልፍም። ሁለቱን ለማስማማት ብለው በኮርኒሱ ዙሪያ ያለውን የልስን ጌጥና የእሳት ምድጃውን የሚያፈርሱ አሉ። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቤቱ ያለውን ይዞ ይቆይ፤ አዲሱ ስልት በእንጨት፣ በመብራትና በቀለም ይግባ።

ከሁሉ በፊት ግድግዳው ይታይ። የውጭ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ 22 ሳ.ሜ. ገደማ ውፍረት ያለው ድፍን ጡብ ነው፤ በመሃሉ ክፍተት የለውም። ዝናብ ያረጠበው ጡብ የሚደርቀው በኖራ ልስኑ በኩል እየተነፈሰ ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ ወይም በጂፕሰም ደፍናችሁ ፕላስቲክ ቀለም ከቀባችሁበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ነጭ ጨው ይወጣል፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ ያድራል። የ1950ዎቹ ስልት ሰፊና ልሙጥ ግድግዳ ስለሚወድ ደግሞ እንከኑ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል።

ስለዚህ በኖራ ጠግኑ። የላላውን ልስን አራግፉ፣ ጡቡን በብሩሽ ጥረጉና ውኃ አጠጡት። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ አቡክታችሁ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚ.ሜ. ሳይበልጥ ለስኑ፤ ቀጣዩ ልስን እንዲይዝ ፊቱን ቧጭሩት። ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር አንድ ቀን ያህል ይጠበቃል። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃልና እርጥብ ጆንያ አንጠልጥሉበት፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራውን አቁሙ። ቀለሙም የሚተነፍስ ይሁን።

አሮጌውን የበርና የመስኮት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። አስቤስቶስ (ብናኙ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ማዕድን) በብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ሻካራ ልባጥ የተቀባ ኮርኒስ ካለ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ናሙናው ሳይመረመር አይነካ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ለውስጥ ለውጥም ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መደርደሪያ፣ ለምሳሌ ስዊድናዊው ኒልስ ስትሪኒንግ በ1949 የነደፈው ባለ ሽቦ መሰላል ዓይነት፣ ለእነዚህ ከፍተኛ ክፍሎች የተመቸ ነው፤ ከሶፋው በላይ ባዶ የቀረውን ግድግዳ ይሞላል። ችግሩ አሰቃቀሉ ላይ ነው። ልስኑ ብቻ 2 ሳ.ሜ. ሊወፍር ስለሚችል አጭር ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ጡቡን ሳይነካ ይቀራል፤ መጻሕፍት ሲጫኑበት ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ልስኑን ያለ ምት ብሱት፣ ጡቡ ጋ ስትደርሱ ብቻ የመሰርሰሪያውን ምት አብሩ፤ ጡቡ ውስጥ 5 ሳ.ሜ. ይግባ። የሚወጣውን ዱቄት ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ ጡብ ነው። ወደ ነጭ ወይም ወደ አመድማ ከዞረና መሰርሰሪያው ድንገት ከቀለለው ግን ከጡብ ጡብ መገናኛው ላይ ናችሁ፤ ፊሸሩ ይዞርባችኋልና ቀዳዳውን ጥቂት ሴንቲሜትር አሸሹት። የውስጥ ግድግዳው ቀጫጭን እንጨት ላይ የተለሰነ ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ቋሚውን እንጨት ማግኘት አለበት።

በምድጃው ግራና ቀኝ ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎች ስትለኩ ከላይም ከታችም፣ ከፊትም ከኋላም ለኩ፤ ስፋታቸው እኩል አይሆንም። እዚያ የሚገባውን ቁም ሣጥን ከጠባቡ ልክ 2 ሳ.ሜ. አሳንሳችሁ አሠሩና ክፍተቱን የግድግዳውን ቅርጽ ተከትሎ በተላገ ጣውላ ዝጉት።

ለምግብ ጠረጴዛ ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን በ1958 የነደፈው ፒኤች 5 የተባለ ተንጠልጣይ መብራት ወይም መሰሉ ይሁን። የታችኛው ጠርዙ ከጠረጴዛው 60 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ኮርኒስ ይህ 1.4 ሜትር ያህል ገመድ ይፈልጋል። ክብደቱን ልስኑ አይሸከመውም፤ ማንጠልጠያው ኮርኒሱን ከተሸከመው ወራጅ እንጨት ጋር ይታሰር።

የጥዱን ወለል ዋልነት የተባለውን ጠቆር ያለ እንጨት አስመስሎ ማቅለም አይመከርም። ለስላሳው የእንጨቱ ክፍል ቀለሙን አብዝቶ ስለሚጠጣ ወለሉ ዥጉርጉር ይሆናል። ሚስማሮቹን 3 ሚ.ሜ. አስምጡ፣ በ40፣ በ80፣ ከዚያም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና የተፈጥሮ መልኩን የሚያቆይ ዘይት ቀቡት። ብርድ ለመከላከል ብላችሁ ከወለሉ በታች አየር የሚያስገቡትን ቀዳዳ ጡቦች ግን አትድፈኑ፤ አየር ካልገባ ወለሉን የተሸከሙት ወራጆች ይበሰብሳሉ።