የሐሪየት ክስ

ዛሬ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ያለውን አሮጌውን ፍርድ ቤት አየሁት። ጌትዌይ አርች ከሚሉት ትልቅ የብረት ቅስት ፊት ለፊት ነው። ጉልላቱ ያምራል። ባሪያ የነበሩት ድሬድ ስኮትና ሚስቱ ሐሪየት ለነጻነታቸው የተሟገቱት እዚህ ነው። በምሥራቅ በኩል ባለው ደረጃ ላይ ደግሞ ባሪያ በጨረታ ይሸጥ ነበር። አንድ ሕንጻ!

ሰው የሚያወራው ስለ ድሬድ ነው። እኔን የያዘችኝ ግን ሐሪየት ናት።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1846 ባልና ሚስቱ በየስማቸው ሁለት ክስ አስገቡ። መጻፍ አይችሉምና በፊርማ ፋንታ የኤክስ ምልክት አኖሩ። ጉዳያቸው ጠንካራ ነበር። ጌታው የነበረው የጦር ሐኪም ጆን ኤመርሰን ድሬድን ባርነት ወደተከለከለበት ኢሊኖይ፣ ከዚያም እንዲሁ ባርነት ወደተከለከለበት የጦር ሰፈር ፎርት ስኔሊንግ ወስዶት ነበር። ከሐሪየት ጋር የተጋቡትም ፎርት ስኔሊንግ ነው። የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች ደግሞ «አንዴ ነጻ የሆነ ሁሌም ነጻ ነው» እያሉ ለዓመታት ፈርደዋል።

ሐኪሙ በ1843 ስለሞተ የተከሰሰችው ሚስቱ አይሪን ናት። በ1847 ችሎት ተሸነፉ። ለምን? በስሚ ስሚ! ስኮቶችን ከአይሪን ተከራይቻለሁ ያለው ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣበት፣ ኪራዩን የተዋዋለችው የራሱ ሚስት መሆኗን አመነ። በቃ። የአይሪን ባሪያ መሆናቸው ስላልተረጋገጠ የአይሪን ባሪያ ሆነው ቀሩ። ይሄን ሳነብ መሳቅም መናደድም አቃተኝ።

ከዚያ ክሱ እንደገና ይታይ ተባለና ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። ከተማው ተቃጠለ፣ ኮሌራ ገባ። እስከዚያው ሸሪፉ እያከራየ ያሠራቸዋል፤ ደመወዛቸውም ክሱ እስኪያልቅ ይያዛል። በ1850 መጀመሪያ ላይ ግን ጁሪው፣ ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ፣ ነጻ ናቸው አለ።

የሐሪየት ስም የተዋጠው ከዚህ በኋላ ነው። የድሬድ ክስ ብቻ ይቀጥል፣ የሷ በእሱ ውጤት ይወሰን ብለው ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ክስ የሷ ነበር። በዘመኑ ሕግ ልጅ የሚከተለው እናቱን ነው። እናት ባሪያ ከሆነች ልጇም ባሪያ ነው። የልጆቻቸው የኤሊዛና የሊዚ ዕጣ የተንጠለጠለው በአባታቸው ሳይሆን በእናታቸው ላይ ነው። እኔም የሴት ልጆች እናት ስለሆንኩ ይሆናል እዚህ ላይ የቆምኩት። ደግነቱ ውጪ የቆመው የ2012ቱ ሐውልት ሁለቱንም እጅ ለእጅ አያይዟቸዋል።

የቀረውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1852 ፍርዱን ሻረው። በ1857 ዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነ ዳኛ ታኒ 7 ለ2 ሆነው ጥቁር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም አሉ። ነጻ ያወጣቸው በመጨረሻ ሕግ አይደለም። ከኤመርሰን በፊት የድሬድ ጌታ የነበረው ሰው ልጅ ቴይለር ብሎው፣ ባለቤትነታቸው ተዛውሮለት፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ እዚሁ ፍርድ ቤት አቅርቦ ለቀቃቸው። አይሪን ደግሞ ጠበቃ ልካ የተያዘውን ደመወዝ ጠየቀች። አይ ሰው!

ድሬድ በዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሐሪየት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ እስከ 1876 ኖራለች። በ1868 የሕገ መንግሥቱ አሥራ አራተኛው ማሻሻያ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው ሲል በሕይወት ነበረች ማለት ነው። እዚህ የተወለዱት የኔ ልጆችም ፓስፖርት የያዙት በዚያው አንቀጽ ነው።