ስንት ኩንታል ትጭናለህ?

ሂሉክሱ ወደ ግቢያችን ሲገባ ከነጭነቱ ነበር፤ ስምንት ኩንታል የዶሮ መኖ። አፍንጫው ሽቅብ፣ ካሶኒው ቁልቁል። ባለቤቱ ግን የመጣው ለዚህ አልነበረም። «ከፊት በግራ በኩል ኳ የሚል ነገር አለ። የፍጥነት መቀነሻ ላይ ወጥቼ ስወርድ ነው የሚብሰው» አለኝ። የኔ ሥራ መኪና መቀበልና የደንበኛን ቃል መመዝገብ ነውና እንዳለው ጻፍኩት፦ ኳ ይላል።

ጋራዣችን ገላን ነው፣ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ። እዚህ የሚመጣው በአብዛኛው የእንጀራ መኪና ነው፤ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ መኖ፣ የውኃ ፓምፕ የሚጭን። መኪናውን ለመልኩ ብሎ የሚያሠራ ሰው ብዙም አይገጥመንም። ይኼኛው ሁለቱንም ሆኖ ተገኘ።

መኪናው ቪጎ የሚባለው የሂሉክስ ዓይነት ነው፣ ደብል ጋቢና፣ 4 በ4። ከጥቂት ወራት በፊት ሌላ ቦታ የፊት ማንሻ ኪት አስገጥሞለታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ፤ «ባዶውን ሲቆም አቀርቅሮ የሚሰግድ ነበር የሚመስለው። ጓደኞቼ ይስቁበት ነበር።»

ፎርማናችን ዕድሜውን በዚህ ሙያ የጨረሰ ሰው ነው፤ ደንበኞች ሁሉ ጋሼ ነው የሚሉት። መኪናውን በክሪክ አስነስቶ ጎማው እንዲንጠለጠል አደረገና ባትሪ አብርቶ ገባበት። ወዲያው ጠራን። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የላይኛው አርም ወርዶ ወርዶ የሞላውን ጥቅል ነክቶታል፤ የተነካካበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተገሽልጦ ብረቱ ያበራል። ኳ የሚለው እሱ ነው። እዚያው አጠገቡ የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል በግራሶ ተረጭቷል፤ የሲቪ ጆይንቱ፣ ማለትም የሻፍቱ መታጠፊያ፣ የጎማ ሽፋን ተቀዷል። በዚህ መኪና 4 በ4 ባይገባም እንኳ የፊቱ ሻፍት ከጎማው ጋር ይዞራል። ሽፋኑ ከልኩ በላይ ተጣሞ ቀኑን ሙሉ ሲዞር መቀደዱ አይቀርም።

የተገጠመው ስፔሰር 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው አልሙኒየም ነው፤ ሾክ አብዞርበሩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ከላይ ከሻንሲው ጋር በሚታሰሩበት መሃል የገባ። ባለቤቱ «የገዛሁት የ2 ሴንቲ ተኩል ነው፤ መኪናው ግን 5 ሴንቲ ተነሣ፤ ምርቃት መስሎኝ ነበር» አለ። ምርቃት አይደለም። ሾክ አብዞርበሩ የሚቀመጠው የታችኛው አርም ግማሽ አካባቢ ላይ ስለሆነ እዚያ አንድ ሴንቲ ሲገፋ ዳር ላይ ያለው ጎማ ወደ ሁለት ይሄዳል። (5 ሴንቲ ከፍታ ፈልጎ 5 ሴንቲ ስፔሰር በቶርኖ አስቀርጾ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ደግነቱ ሳይገጠም ደረሰን።) ጎማው ሲንጠለጠልም ፋብሪካው ከወሰነው ቦታ በዚያው ልክ አልፎ ይወርዳል። አርሙ ሞላውን የሚያገኘው ያኔ ነው።

እስካሁን ያለው ተራ ሥራ ነው፤ ስፔሰሩን አውጣ፣ ሽፋኑን ቀይር፣ ሂሳብ ተቀበል። ጋሼ ግን ሜትር አስመጣ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፣ አራቱንም። ከመሬት የማይለካው የጎማ ንፋስና ጥርስ ልኩን ስለሚያዛባው ነው። ከዚያ ለወዛደሮቹ «መኖውን አውርዱት» አላቸው።

«ጋሼ፣ ለመለካት ብለው ነው ስምንት ኩንታል የሚያስወርዱኝ? አድራሻው ላይ እየጠበቁኝ እኮ ነው።»

«የማውረጃውን እኔ እከፍላለሁ። አንተ ሻይ ጠጣ።»

ባዶውን ሲለካ ፊትና ኋላው እኩል ሆነ፤ ኪቱ ቃል የገባውን አድርጓል። ጭነቱ ሲመለስ ኋላው 7 ሴንቲ ተኩል ወረደ፣ ፊቱ ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀ። ጋሼ ጠመኔ አንሥቶ ወለሉ ላይ ይጽፍ ጀመር። መኪናው ኪት ሳይገባለት ባዶውን ፊቱ በ5 ሴንቲ ዝቅ ይል ነበር። በዚህ ጭነት ኋላው 7 ሴንቲ ተኩል ቢወርድ አፍንጫው ከፍ የሚለው በ2 ሴንቲ ተኩል ብቻ ነው። «ያቺን 5 ሴንቲ ፋብሪካው ረስቷት አይደለም፤ ለመኖህ ነው ያስቀመጠልህ» አለው።

ከዚያ ወደ መብራቱ ሄደ። የመብራቱ አቅጣጫ የተስተካከለው ለባዶው፣ ፊቱ ዝቅ ላለው መኪና ነው፤ ኪቱ ሲገባ ማንም አልነካውም። ፊቱ 5 ተነሣ፣ ኋላው 7 ተኩል ወረደ፤ ድምሩ 12 ሴንቲ ተኩል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በዚህ መኪና 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ተኩል ነው። ሲካፈል ለአንድ ሜትር 4 ሴንቲ ይደርሳል። 25 ሜትር ላይ መብራቱ ማረፍ ከሚገባው ቦታ አንድ ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ።

ባለቤቱ ወለሉን እያየ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ማታ ማታ ሁሉም ረጅም መብራት ያበራብኛል። የሰው ጠባይ የተበላሸ ነበር የመሰለኝ» አለ። ረዳቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ያም ሆኖ ስፔሰሩ ይውጣ ሲባል አልወደደም። ጋሼ «የጭነት ቀንህ ይበዛል ወይስ የባዶ ቀንህ?» ብሎ ጠየቀው።

«የጭነት ይበዛል። ግን ጋሼ፣ ሰው የሚያየኝ እሁድ ነው።»

እኔ በዚህ መልስ አልስቅም። ነጋዴ መኪናው ደህና ቆሞ መታየቱን ቢፈልግ ምንም ነውር የለበትም። ጋሼም አልሳቀም፤ ዞሮ የፊቱን መከላከያ በጫማው መታ። ከወፍራም ብረት የተበየደ፣ ለብቻው ሁለት ሰው የሚሸከመው መከላከያ ነው። ሲጀመር መኪናውን ያሰገደው በከፊል እሱ ነው! ፋብሪካው ያወጣው ሞላ ይህን ክብደት አያውቀውም። ለዚህ የሚሆነው ስፔሰር ሳይሆን ለክብደቱ የተሠራ ሞላ ነው፤ ተጨማሪ ክብደት ለሌለው፣ ብረት መከላከያ ላለው፣ መከላከያና ዊንች (መጎተቻ) ላለው እየተባለ በኪሎ ተለይቶ ይሸጣል። ከሞላው ጋር የሚስማማ ሾክ አብዞርበርም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዋጋው ከስፔሰር ጋር አይወዳደርም።

አንዱ ረዳት «ኋላውን አንድ ባሌስትራ ብንጨምርለትስ?» አለ። ለጭነቱ ጥሩ ነበር፤ ግን ባዶውን ኋላው የባሰ ይነሣና ሰውየው ወደሸሸው ስግደት ይመለሳል፤ ጉድጓድ ላይም ያነጥረዋል። ሐሳቡን ተውነው። እግረ መንገዴን፣ የድሮው ሂሉክስና የመጀመሪያው የኢሱዙ ዲማክስ ያላችሁ ይህ የሞላ ወሬ አይመለከታችሁም፤ የናንተ ፊት በቶርሽን ባር ነው የቆመው፣ በሞላ ፈንታ እየተጠመዘዘ በሚሸከም ብረት። ቡሎኑን በቁልፍ አጥብቆ ከፍ ማድረግ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ብረቱ ግን በዚህ አይጠነክርም፤ ጎማው ወደ ታች ሊሄድበት የሚችለው ቦታ ያጥርና ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ይመታችኋል።

ሰውየው የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ጠይቆ አስጠይቆ ቆየ፤ በመጨረሻ ሞላውን ከነሾክ አብዞርበሩ ከዱባይ በሚያስመጣ ሰው አገኘ። ገጠምነው። ፊቱ 2 ሴንቲ ተኩል ገደማ ተነሣ፤ አርሙ ሞላውን አይነካም። የጎማዎቹ አቀማመጥ እንዲስተካከል አላይመንት አስገባነው። ስፔሰሩ ሲገባ አላይመንት ስላልተሠራ የሁለቱም የፊት ጎማ ጠርዝ ተበልቷል፤ ካስተሩም (ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ) ቀንሶ ስለነበር መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም ነበር፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ መኪናው ወዲያና ወዲህ ይል የነበረውም ለዚህ ነው። መብራቱን የግቢው ግንብ ላይ አስተካከልን፣ በዚህ ጊዜ መኖውን እንደጫነ። ባዶውን ትንሽ አጠር ብሎ ያበራል፤ እሱ ይሻላል።

የወጡት ስፔሰሮች መደርደሪያ ላይ ከርመው አንድ ወጣት መጣ፤ ቪጎው ፊቱን ደፍቷልና ማንሻ ይፈልጋል። ሜትር ከመያዜ በፊት «ስንት ኩንታል ትጭናለህ?» አልኩት።

«ምንም። ሙሽራ ነው የምይዝበት» አለ። ካሶኒው ላይ ጭረት እንኳ የለም፣ ብረት መከላከያም አላስበየደም። ጋሼ ስፔሰሮቹን ቶርኖ ቤት ልኮ ውፍረታቸውን በግማሽ አስቀነሰና ገጠመለት፤ ጎማውን አንጠልጥሎ አርሙ ሞላውን አለመንካቱን አየ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ ወደ አላይመንት ላከው።