ከማሽኑ የሚበልጥ ሥራ

ዛሬ ጠዋት ወፍጮ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ የተበላ የኩሽኔታ መቀመጫ፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ብረት፣ አምጥተው ጓሮዬ አስቀመጡ። ሥራው ቀዳዳውን ማስፋት ነው፤ የብረቱ ርዝመት ግን 46 ሳንቲሜትር ነው። የእኔ ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን፣ ከ33 በላይ የሆነ ነገር አያሽከረክርም። «አንተ መላ አታጣም፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። እምቢ እንዳልል የሚያደርጉበትን ያውቁበታል።

መላው ነገሩን መገልበጥ ነበር፤ ብረቱ ይቁም፣ መቁረጫው ይዙር። የመቁረጫ መያዣውን ፈትቼ ብረቱን በቦታው አሰርኩት። መቁረጫ የሰካሁበትን ወፍራም ዘንግ ደግሞ በቀዳዳው አሳልፌ ከማንድሪኖው (ከሚሽከረከረው የማሽኑ መንጋጋ) እስከ ማዶ ድጋፉ ወጠርኩት። የቀዳዳውን መሃል ማግኘት ግን ግማሽ ቀን በላ። አንዱን ጥግ ከፍ ለማድረግ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ቆርጬ ከሥር አስገባሁ፤ ትንሽ በዛ፤ በሲጋራ ወረቀት ተካሁት። (አላጨስም፤ ወረቀቱን የምገዛው ለዚህ ብቻ ነው።)

መቁረጫው 0.1 ሚሊሜትር ሲወጣ ቀዳዳው በ0.2 ይሰፋል። ይህን ረስቼ አንዴ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። ብረቱ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ ቁርጥራጩ አይጠቀለልም፤ እንደ ጥቁር ዱቄት ይረግፋል። አዲስ ቀለበት እንዲገባበት 90 የነበረውን ቀዳዳ ወደ 100 ሚሊሜትር እያሰፋሁ፣ ሁለት ሚሊሜትር ሲቀረኝ መብራት ሄደ።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ዘንጉን አልነካሁትም፤ ልጆቹም ጓሮ እንዳይገቡ አስጠንቅቄአለሁ። ስናፈጥ አሁንም ጥቁር ይወጣል።