ቡኒ የጠፋችው ገመዱን የቆረጠች ዕለት አይደለም

ውሻዬን ቡኒን ያገኘኋት ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ጓደኛዬ ግቢ ነው። ውሻቸው ወልዳ ወንዶቹ ቡችሎች በሁለት ቀን ተወስደው አለቁ። ለጥበቃ ሁሉም የሚፈልገው ወንድ ነው። የቀሩት ሁለት ሴቶች በማዳበሪያ ከረጢት ሆነው ገደል ሊጣሉ ነበር። አንዷን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ሆጤ ወደተከራየሁባት ቤት ይዣት ገባሁ።

ማሳደጉ አልከበደኝም። ትራፊ እንጀራ፣ ከሥጋ ቤት አጥንትና ሳንባ፣ ንጹህ ውሃ። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ ክትባት አስከተብኳት።

ጥፋቴ የጀመረው እዚያው ነው። ባለሙያው “ካርድ አልቋል፤ መዝገብ ላይ ጽፌልሃለሁ” አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አንድ ወረቀት እንኳን ጻፍልኝ አላልኩትም።

ዓመት ሳይሞላት ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደረሰ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ያድር ጀመር። “እሰራት” ተባልኩ፣ ቀኑን ሙሉ አሰርኳት። ከልጅነቷ ታስራ አታውቅም። በአራተኛው ቀን የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያነሳ ሲጠጋት ባቱን ነከሰችው።

እናቱ እየጮኸች መጣች። አንዱ የሚያውቀው የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እንሂድ አለ። እኔ ልጁን ቧንቧ ስር አስቀምጬ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙና አጠብኩት። በዚያን ቀን በትክክል ያደረግኩት ይሄን ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከዚያ በፊት ግን ወዲያው ማጠብና ክትባት ያድናሉ።

ጤና ተቋም እንደደረስን የጠየቁን “ውሻዋ ተከትባለች? ካርዷ የታለ?” ብለው ነው። ዝም አልኩ። ልጁ ክትባት ተጀመረለት። ወጪውን ቻልኩ፤ መቻልም ነበረብኝ። እናቱ ግን ማረጋገጫ ፈለገች፤ አልፈርድባትም።

ማረጋገጫ ፍለጋ ቡኒ ወደተከተበችበት ቢሮ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል። በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ተገኘ፣ የእኔ ስም የለበትም። “የከተባትን ሰው አምጣ” አሉኝ። እሱ ደግሞ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። በአራተኛው ቀን አንዱ ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ “ምን ያደክምሃል፣ አስወግዳትና ተገላገል” አለኝ።

ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስለ ቡኒ ብቻ ብዬ አይደለም። ገድዬ ብቀብራት ኖሮ የልጁ እናት በሽታው ይኑርባት አይኑርባት በምን ታውቃለች? ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ከነከሰ ተለይቶ 10 ቀን መታየት አለበት። 10 ቀን ሙሉ ደህና ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ይህንን ያስረዳኝ ኃላፊው አይደለም፤ አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ያውም በስልክ።

ቀኖቹን ቆጠርኩ። በየጠዋቱ የልጁን እናት ጠርቼ ቡኒ ስትበላና ውሃ ስትጠጣ አሳየኋት። በ10ኛው ቀን “አልሐምዱሊላህ” ብላ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

አከራዬ ግን ወሰኑ። ደግ እናት ናቸው። “ልጄ፣ መጀመሪያም ሳትጠይቀኝ ነው ያመጣሃት። ውዱእ የምናደርግበት ግቢ ነው፣ ቢሆንም ታገስኩህ። አሁን ግን የሰው ልጅ ነከሰች” አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? እውነታቸውን ነው።

ሁለት ሳምንት ቤት ፈለግኩ። “ውሻ አለኝ” ስል በሩ ይዘጋል። ደላላው “አትናገር፣ ከገባህ በኋላ ታመጣታለህ” አለኝ። እናንተም እንዲህ የሚል ደላላ አትስሙ። የእኔ ነገር የተበላሸው መጀመሪያ ባለመናገሬ ነው።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ሰው ለጥበቃ እወስዳታለሁ አለ። አይሱዙ ጋቢና ውስጥ እግሬ ስር ተኝታ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። በሦስተኛው ሳምንት ስደውል “ገመዱን ቆርጣ ጠፋች” አለኝ። ከጠፋች 9 ቀን ሆኗት ነበር። አልደወለልኝም።

በአንዳንድ አገር ባለቤቱ ማሳደግ ያቃተው ውሻ መጠለያ ይገባል። እዚያም ቢሆን ቤት መቀየርና ውሻ የማይፈልግ አከራይ ብዙ ውሻ ያስጥላሉ። የቡኒ ዕጣ ግን ጎዳና ሆነ። ጎዳና ላይ ደግሞ ድንጋይና መርዝ አለ።

ቡችላ ልትወስዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ አከራያችሁን ጠይቁ፣ ጎረቤትንም ጭምር። ካርድ ሳትይዙ ከክትባት ቦታ አትውጡ። “አልቋል” ካሏችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ቀኑንና የክትባቱን ስም ጽፈው ማህተም ያድርጉበት፤ እስኪያደርጉት ቁሙ። በየዓመቱ አስደግሙ፣ ዘመቻ አትጠብቁ። “ውሻህን እሰር” የሚለውን ምክር ግን እኔ አልቀበልም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ይነክሳል። የታጠረ ግቢ ከሌላችሁ ቢቀርባችሁ ይሻላል። እኔ አልነበረኝም።

አሁን እሁድ እሁድ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ከዚያ የቦርከናን ወንዝ ዳር ይዤ እሄዳለሁ። መልኳ ቡናማ ነው፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ነጭ፤ አንገቷ ላይ የተቆረጠ ሰማያዊ ገመድ አለ። ካያችኋት ድንጋይ አታንሱባት። “ቡኒ” ብላችሁ ጥሯት፣ ትመጣለች።