ወደ ቀኝ ለማን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እኔ ያሠለጠንኩት ቦክሰኛ ሁሉ ሰምቶ የሰለቻት አንዲት ታሪክ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮኑ እንግሊዛዊ ቦክሰኛ አንቶኒ ጆሹዋ ኒው ዮርክ ላይ ከጃሬል ሚለር ጋር ሊጋጠም ተዘጋጅቶ ሳለ ሚለር በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ተያዘ፤ በምትኩ የመጣው ቦርጫሙ አንዲ ሩይዝ ጆሹዋን አራት ጊዜ መሬት አስነክቶ በ7ኛው ዙር የሻምፒዮንነት ቀበቶዎቹን ወሰደበት። «ተጋጣሚ ሲቀየር መጀመሪያ የሚመታው ጭንቅላት ነው» ብዬ እደመድማለሁ።

ለወዳጅነት ግጥሚያ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ፣ ከቦክሰኞቼ አንዱን ልጅ ሁለት ሳምንት ያዘጋጀሁት ቀኝ እጁ ለሚከብድ አንድ ረጅም ተጋጣሚ ነበር። ትእዛዜ አንድ ነው፦ ወደ ቀኝ ዙር፣ ከቀኝ እጁ ሽሽ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ካፖርታችንን አወለቅን። ከሚዛኑ ዘንድ ስንደርስ ረጅሙ ልጅ ክብደት አልፎ ተሰርዟል። ተተኪው አጭር ነው። ጓንቱን ሲያነሣ ቀኝ እግሩን አስቀደመ። ግራኝ!

ደወሉ ተደወለ። እኔ፣ የጆሹዋን ውድቀት ተንታኙ፣ ገመዱን ይዤ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» ስል ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ከግራኝ ጋር ወደ ቀኝ መዞር አገጭን ለግራ ቡጢው ማቀበል ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አፌ የሚያውቀው የለመደውን ብቻ ሆነ። ልጁ ታዛዥ ነውና ሁለቴ ታዝዞ ሁለቴ ተመታ። ከዚያ መታዘዙን ተወው።

በአንድ ደቂቃዋ እረፍት የጥርስ መከላከያውን አውጥቼ ምክር ልጀምር ስል ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ወደ ቀኝ የሚሉት ለማን ነው?»

መልስ አጣሁ።

«ታላቅ ወንድሜ ግራኝ ነው። ሲደበድበኝ ነው ያደግሁት። እርስዎ ውሃውን ብቻ ይስጡኝ።»

ሰጠሁት። በሁለተኛው ዙር ግራ እግሩን ከግራኙ ቀኝ እግር በስተውጭ እየተከለ፣ ወደ ግራ እየዞረ፣ ቀጥተኛ ቀኙን ይልክ ጀመር። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። በነጥብ አሸነፈ።

በሳምንቱ የክለባችን ሪፖርት ላይ «አሠልጣኙ በወሰዱት ፈጣን የስልት ለውጥ» የሚል ሐረግ አነበብኩ። የጻፈው ሰው ያን ዕለት ሙቀቱን ፈርቶ ከጥላው ሥር አልተነሣም። አላረምኩትም። የሩይዝን ታሪክ አሁንም አወራለሁ፤ ልጁ ካለ ግን አሳጥራታለሁ።